አርክቴክቸር የት አልቆ ዲዛይን የት ይጀምራል? ከአይቢኤም 360 የተረፈ ትምህርት

"ይሄ አርክቴክቸር ነው፣ ያ ዲዛይን ነው" የሚል ክርክር ሶፍትዌር በሚሠራበት ቤት ሁሉ አለ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ "አርክቴክቸር ትልቁ ነገር፣ ዲዛይን ዝርዝሩ" የሚል ነው። እኔን አያረካኝም። ቃሉ ወደ ኮምፒውተር ዓለም ሲገባ የያዘው ትርጉም ሌላ ነበር። ያ ትርጉም ሲዘነጋ ደግሞ ብዙ ጊዜና ገንዘብ በልቷል። ታሪኩ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በ1960ዎቹ መጀመሪያ አይቢኤም እርስ በርስ የማይግባቡ የኮምፒውተር ዓይነቶችን ይሸጥ ነበር። ለ1401 የተጻፈ ፕሮግራም 7090 ላይ አይሠራም። አንድ ድርጅት ሥራው ሰፍቶለት ትልቅ ማሽን ከገዛ፣ ፕሮግራሞቹን እንደ አዲስ ማስጻፍ አለበት። ማደግ ራሱ ቅጣት ነበር ማለት ነው።

ኤፕሪል 7 ቀን 1964 ኩባንያው ሲስተም/360ን ይፋ አደረገ። ስድስት ሞዴሎች፣ ከትንሽ እስከ ትልቅ፣ ለአንዱ የተጻፈው በሌላውም የሚሠራ። በዚያው ወር ጂን አምዳል፣ ጌሪት ብላው እና ፍሬድ ብሩክስ ስለ ማሽኑ ባወጡት ጽሑፍ "አርክቴክቸር" የሚለውን ቃል ፈቱት፦ ማሽኑ ለፕሮግራመሩ የሚታይበት መልክና ጠባይ ነው። ውስጡ መረጃው በየት እንደሚፈስ፣ ሰርኪዩቱ እንዴት እንደተሠራ ሌላ ጉዳይ ነው።

ይሄ የቃላት ጨዋታ አልነበረም። ትንሹ ሞዴል 30 ውስጡ መረጃን 8 ቢት፣ 8 ቢት እያደረገ ነበር የሚያመላልሰው። በኋላ የመጣው ሞዴል 75 ደግሞ 64 ቢት በአንዴ ያነሳል። ውስጣቸው ፈጽሞ አይገናኝም። ፕሮግራመሩ ግን ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ማሽን ነው የሚያየው። አርክቴክቸሩ አንድ፣ ዲዛይኑ ብዙ።

ብሩክስ በኋላ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን በሰዓት አስረድቶታል። የሰዓት አርክቴክቸር ፊቱ፣ ቆጣሪዎቹና መሙያው ነው። ይሄን የተማረ ልጅ የእጅ ሰዓትም ሆነ የቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ ያለውን ሰዓት ያነባል። ውስጥ ያለው ጥርስና ሞላ የሠሪው ጉዳይ ነው።

እስኪ አሁን የሚገርመውን ክፍል ስሙ።

ይሄን ልዩነት በማሽኑ ላይ ያስከበረው ያው ብሩክስ፣ ለዚሁ ማሽን የሚሆነውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ኦኤስ/360ን፣ ሲመራ ራሱ ሳተው። መጀመሪያ ሲስተሙ ከውጭ ምን እንደሚመስል የሚገልጸው ሰነድ መጻፍ ነበረበት። አሥር የሚሆኑ አርክቴክቶች "በአሥር ወር በደንብ እንጽፈዋለን" አሉ። የጊዜ ሰሌዳው ግን ሰባት ወር ነው የሚሰጠው። የገንቢዎቹ ኃላፊ ደግሞ 150 ሰዎች ይዞ "እኛው በጊዜው እንጨርሰዋለን፤ አለዚያ ሰዎቼ እጃቸውን አጣጥፈው ሊቀመጡ ነው" አለ። ብሩክስ ለ150ዎቹ ሰጠ።

ሥራው እንደተፈራው ሦስት ወር ዘገየ፣ ጥራቱም ወረደ። ሐሳቡ አንድ ወጥ ስላልነበረ ስህተት ፍለጋው ብቻ አንድ ዓመት ሳይጨምር እንዳልቀረ ብሩክስ ራሱ ገምቷል። ይሄንን ጥፋት ሳይደብቅ በመጽሐፉ መናዘዙን እኔ ከሁሉም በላይ አከብርለታለሁ።

በ1969 ሮም ላይ በተደረገው የኔቶ የሶፍትዌር ምህንድስና ጉባኤ ኢያን ሻርፕ የተባለ ባለሙያ ይህንኑ ነበር ያነሳው። የኦኤስ/360 አንዳንድ ክፍሎች ኮዳቸው እጅግ ጥሩ ነው፣ ግን በሙሉ ሲያዩት ቅርጽ የለውም፤ ምክንያቱም አርክቴክት አልነበረውም፣ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን አርክቴክቸር ፈጠረ አለ። ልብ በሉ፦ ኮዱ ጥሩ፣ ሲስተሙ መጥፎ። ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። የ360 ሬጅስተር 32 ቢት ቢሆንም የሜሞሪ አድራሻ የሚይዘው 24ቱ ብቻ ነበር፤ ይሄም እስከ 16 ሜጋባይት ያደርሳል። የቀሩትን 8 ቢቶች ማሽኑ ዝም ብሎ ያልፋቸዋል። ፕሮግራመሮች ታዲያ "ባዶ ቦታ ነው" ብለው የራሳቸውን ምልክት ማስቀመጫ አደረጉት። ሜሞሪ አድጎ 16 ሜጋባይት ሲጠብ ችግሩ መጣ፦ ቢቶቹን ለአድራሻ ልውሰድ ቢባል የሰው ፕሮግራም ይበላሻል። በ1983 የመጣው ማሻሻያ 32 ሳይሆን 31 ቢት ላይ ቆመ፤ አሮጌው ባለ 24 ቢት አሠራርም አብሮ እንዲቀጥል ተደረገ። ዛሬ ያሉት የአይቢኤም ትልልቅ ማሽኖችም ይዘውት አሉ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ? የአርክቴክቸር ወለምታም እንደዚያው ነው።

እንግዲህ እኔ ከዚህ ታሪክ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው። አርክቴክቸር ለውጭ ሰው የሰጠነው ቃል ነው፤ ዲዛይን ያን ቃል የምንጠብቅበት መንገድ ነው። ልዩነቱ በትልቅነትና በትንሽነት አይደለም። ለሌሎች ሲስተሞች የምትልኩት የደረሰኝ ቁጥር ስንት አሃዝ እንደሆነ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሃያ ድርጅት ዳታቤዙ ውስጥ ካስቀመጠው በኋላ ግን አርክቴክቸር ሆኗል። ሙሉውን የፍለጋ ሞተር ቀይራችሁ ማንም ካላወቀ ደግሞ የቀየራችሁት ዲዛይን ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ክርክሩ ሲነሳ "ይሄን ነገ ብንለውጠው ከዚህ ቡድን ውጭ ማን ይነካል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ "ማንም" ከሆነ ለሠሪው ተዉለት፣ በነፃነት ይሥራው። መልሱ "ብዙ ሰው" ከሆነ ግን አሥሩን ወር ስጡት። ብሩክስ ሦስት ወር ለመቆጠብ ብሎ ዓመት ከፍሏል።