አሮጌ መዝገብና የትውልድ ሐረግ

በሀገራችን የሰው ማንነት የሚጠየቀው በአባቱ ስም ነው። በሐዲያም ሕዝብ ዘንድ ይህ ልማድ የጸና ስለ ሆነ፥ በሶሮ ምድር በጃጁራ ያደገ ልጅ ገና ፊደል ሳይቆጥር አባቶቹን ከነጎሣቸው እንዲቆጥር ይደረግ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ቆጠራ ዘልሏቸው የሚያልፍ ሰዎች አሉ። በዘመቻ የተማረኩ፥ በገበያ የተሸጡ፥ በሰው ቤት በባርነት አድገው በዚያው ልጅ የወለዱ ሰዎች ስማቸው በሸንጎ አይነሣም፤ ቢነሣም በሹክሹክታ ነው። ዛሬ ልናነጋግርዎ የፈለግነው ስለ እነዚህ ሰዎች፥ እነርሱንም ፈልጎ ለማግኘት አሮጌ መዝገብ ምን ያህል እንደሚረዳ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መዝገብ ለማን እንደሚጻፍ ማስተዋል ይገባል። በ14ኛው መቶ ዓመት የነበረው ዐረባዊ ጸሐፊ ዐል ዑመሪ ስለ ሐዲያ ሲተርክ፥ ነጋዴዎች ባሮችን ዋሽሉ በተባለ ሥፍራ አሰልበው ወደ ሐዲያ እንደሚያመጧቸው፥ ቁስላቸውም በዚያ እንደሚታከም፥ ስልብ ባሪያም ከፍ ባለ ዋጋ እንደሚሸጥ ይነግረናል። የሕክምናውንና የዋጋውን ነገር ሲጽፍ ከተሰለቡት አንዱን እንኳ በስሙ አልጠራም። በአንጻሩ ከዚያው ከሐዲያ የተገኙት የገራድ መሐመድ ልጅ እቴጌ እሌኒ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት ስለ ሆኑ ስማቸው በዜና መዋዕል ሰፍሯል፤ ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ በመላካቸውም በአውሮጳ ጽሑፎች ጭምር ይታወቃሉ። ከአንድ ምድር የወጡ ሰዎች ሳሉ የንግሥቲቱ ስም ሲቀመጥ የባሪያይቱ ስም ጠፋ።

ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተረፉልን ጽሑፎችም ከዚህ ጠባይ አልወጡም። በ1880ዎቹ ዓመታት የሸዋ ጦር የሐዲያንና የከምባታን ምድር ሲይዝ ጸሐፊዎቹ «አገር ቀና» አሉ፤ ከተያዘው ሕዝብ ልጆች ብዙዎቹ ግን ነገሩን ወረራ ይሉታል፥ ከኋለኞቹ ሊቃውንትም ቅኝ ግዛት ብለው የሚጠሩት አሉ። ስለዚህ አንዲት ቃል ብቻ አንብቦ የጸሐፊውን ወገን ማወቅ ይቻላል። በ1887 ዓ.ም. በጎረቤት በወላይታ የተደረገውን ዘመቻ ተከትሎ የሄደው ፈረንሳዊው ነጋዴ ቫንደርሄይም የምርኮኞችን መከራ በመጽሐፉ ገልጿል፤ እርሱም ቢሆን ያየው ሕዝቡን በጅምላ እንጂ ሰውን በየስሙ አይደለም። ከዚያ በኋላ ዋቸሞ ይባል በነበረው ሥፍራ የሆሳዕና ከተማ ተቆረቆረች፤ ወታደሩም ደመወዙን በገባር ተቀበለ። የሚታሰበውም ይህ ነፍጠኛ እንደ ማዕርጉ ይህን ያህል ገባር ተሰጠው ተብሎ ነበር። ነፍጠኛው በስሙ ሲጠራ ገባሩ በቁጥር ተነገረ፤ ከገባሩ በታች የነበረው ባሪያ ደግሞ ከቁጥሩም ውጭ ሆነ።

ስለ ባርነት የወጡት ሕጎችስ? ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባርነት ጉዳይ ከዋነኞቹ መነጋገሪያዎች አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ባሮችና ልጆቻቸው ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት ሕግ ታወጀ፤ በ1923 ዓ.ም. ተሻሻለ። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገራችንን ስትወር ባርነትን አስቀራለሁ ማለትን ለወረራዋ ምክንያት አደረገችው፤ ስለዚህ በሮማ የሚገኙት የዚያን ዘመን መዛግብት ይህ ዓላማ እንዳለባቸው ታውቆ በጥንቃቄ ሊነበቡ ይገባል። በመጨረሻም ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 22 ባርነት በሕግ ፊት ፈጽሞ ቀረ። ነገር ግን፥ ክቡር አንባቢ፥ አዋጅ የሚነግረን እንዲደረግ የታዘዘውን ነው፤ በጃጁራ ማን መቼ ነፃ ወጥቶ የት ጎጆ እንደ ቀለሰ አይነግረንም።

እንግዲህ ከመዝገብ የሚገኝ ነገር የለም ማለት ነውን? አለ፤ የሚገኘው ግን የተበደለውን ሰው ራሱን የጠየቀ ሲኖር ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆነን ከሀገራችን ተሸጠው ወደ ባሕር ማዶ ይወሰዱ የነበሩ ልጆች ታሪክ ነው። በመስከረም 1881 ዓ.ም. ኦስፕሬ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ባሮች የጫኑ ጀልባዎችን ያዘች። ከዳኑት ልጆች 64ቱ፥ አብዛኞቹ የኦሮሞ ተወላጆች፥ ከዔደን ተነሥተው በነሐሴ 1882 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ከሚገኘው የሎቭዴል ትምህርት ቤት ደረሱ። ሚሲዮናውያኑ ልጆቹን ስለ ወላጆቻቸው፥ ስለ ትውልድ ስፍራቸው፥ እንዴት እንደ ተያዙና በየት በኩል እንዳለፉ እየጠየቁ ቃላቸውን ጻፉት። ከልጆቹ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ነበረች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር የዘር መድልዎን በመቃወሙ በሮበን ደሴት 10 ዓመት የታሰረ ታላቅ ሊቅ ነው። የታሪክ ተመራማሪዋ ሳንድራ ሼል ያን አሮጌ ጽሑፍ መርምረው መጽሐፍ ስላወጡ፥ የልጆቹ ትውልድ ዛሬ የአያቶቹን ቃል ማንበብ ይችላል። ከጥቂት ገጾች በቀር ሌላ ምስክር አልነበረም፤ እነዚያ ገጾች ባይጠበቁ ኖሮ ያ ሁሉ ስም በባሕር ላይ በቀረ ነበር።

በጃጁራና በአካባቢዋ ግን እንዲህ ያለውን ጥያቄ መጠየቅ ያለብን እኛው ነን። የአባት ቆጠራ እናቶችን ስለሚዘል፥ ትውልዱን የሚፈልግ ሰው ከአያቶቹ ሴቶቹን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ስማቸውን፥ የመጡበትን አገርና ጎሣ ይጻፍ፤ በቤት ሣጥን የተቀመጠውን የግብር ደረሰኝና የፍርድ ወረቀት ያውጣ። ከዚያም በአዲስ አበባ ወዳለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይሂድ። የጀርመኑ ሊቅ ኡልሪሽ ብራውክምፐር የሐዲያን ታሪክ ሊጽፉ የቻሉት የሽማግሌዎችን ቃል ከጽሑፍ ማስረጃ ጋር በማስተያየታቸው ነው። ቃል ያለ ወረቀት ዘመኑን ይስታል፤ ወረቀትም ያለ ቃል ሰውን ይረሳል።

በዚህ ፍለጋ ላይ የሚቆም አንድ ብርቱ እንቅፋት አለ፤ እርሱም ኀፍረት ነው። በብዙ የሀገራችን ክፍል ለጋብቻ ዘር ሲጠየቅ «የባሪያ ልጅ» የሚለው ቃል ሕጉ ከወጣ በኋላም ሰውን ሲለይ ኖሯል። በዚህ ምክንያት ብዙ ቤተ ሰብ የአያቱን ስም ሸሽጎ የሌላ ሰው ሐረግ መቁጠርን መረጠ። ይህን ያደረገውን ልንወቅሰው አይገባንም። ነገር ግን ነውሩ የሸጠው ሰው እንጂ የተሸጠው እንዳልሆነ ካልተናገርን፥ አዋጁ የፈታውን ሰው እኛ በምላሳችን መልሰን እናስረዋለን።

የመንግሥት ሠራተኛ ለሆኑት አንባቢያችን የመጨረሻ ቃላችን ይህ ነው። በመሥሪያ ቤትዎ መዝገብ ቤት ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ የተከመረው ፋይል ቦታ አጣበበ ተብሎ ሊጣል ሲታሰብ፥ ጥቂት ቆም ብለው ይመልከቱት። በዚያ ውስጥ አንዲት ሴት ነፃነቷን ለማስከበር ያቀረበችው አቤቱታ፥ ወይም አንድ ገባር በጣት አሻራው የፈረመው ወረቀት ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለው ወረቀት ለቤተ መዛግብት ይተላለፍ እንጂ ለእሳት አይሰጥ፤ የልጅ ልጃቸው ከጃጁራ ተነሥቶ ሲመጣ የሚያገኘው ምስክር ያ ብቻ ሊሆን ይችላልና።