በሙቀት መመታት

በሙቀት መመታት የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆንና አንጎል ሲታወክ የሚከሰት አደገኛ ሕመም ነው። ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት በላብ ነው፤ አየሩ ሞቃትና እርጥብ ሲሆን ግን ላቡ በቀላሉ ስለማይተን ሙቀቱ በሰውነት ውስጥ ይከማቻል። ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ የልብ ሕመምተኞችና ፀሐይ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ይበልጥ ይጎዳሉ።

ምልክቶች

ብዙ ጊዜ ድካም፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይቀድማሉ። ሰውየው ከዘባረቀ፣ ከተንገዳገደ ወይም ራሱን ከሳተ፣ ላብ እያላበውም ቢሆን አደጋው ከባድ ነው። ሕመሙ በኢትዮጵያ በዳማከሴ ከሚታከመው ምች የተለየ ሲሆን፣ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

የመጀመሪያ ርዳታ

አምቡላንስ ተጠርቶ እስኪደርስ ድረስ በሽተኛውን ወደ ጥላ መውሰድ፣ ልብሱን ማውለቅ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስና ማራገብ ያስፈልጋል። ራሱን የሳተን ሰው ውኃ ማጠጣት አይገባም፤ ትን ሊለው ይችላል።

መከላከያ

ጥም ሳይጠብቁ ውኃ መጠጣት፣ ሥራን ወደ ማለዳ ማዛወርና ሕፃንን በቆመ መኪና ውስጥ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን አለመተው ይጠቅማል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚሠሩባት ሳዑዲ ዓረቢያ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ሠራተኞችን በቀጥታ ፀሐይ ላይ ማሠራት የተከለከለ ነው።