ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ዘመናዊ ትምህርት ቤት በአገራችን ከመከፈቱ ከብዙ ዘመን አስቀድሞ፣ የቅኔ ጉባኤ ቤት የዓላማን ልክ የሚያስተምር ሥርዓት ነበረው። በጎጃም፣ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ ደቀ መዝሙሩ 2 ቤት ባለው ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ቀጥሎም ወደ 3 ቤቱ ዘአምላኪየ፣ ወደ 5 ቤቱ ዋዜማ፣ ወደ 6 ቤቱ ሥላሴ ይወጣል፤ 8 ቤት ያለውን መወድስ የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው። በየደረጃው የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ ቢሳሳት ይታረማል። በመጀመሪያው ቀን መወድስን ቢመኝ ተስፋ ቆርጦ ወደ አገሩ በተመለሰ ነበር፤ ዘወትር በጉባኤ ቃና ቢወሰንም ባለቅኔ ባልሆነ ነበር። እንግዲህ እኛም መምህራን ለራሳችን ግብ ስናቆም፣ ከትናንቱ አንድ ቤት የሚበልጥ ይሁን።