ሁለት አገር የሚቆጥራት ሞያሌ፤ የቦሪና የአካባቢዋ መልክዓ ምድርና ሕዝብ

በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ የተቀመጠችው ሞያሌ ከአዲስ አበባም ሆነ ከናይሮቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቅ፣ ለሁለቱም ዋና ከተሞች የአገር ጫፍ፣ በዙሪያዋ ለሚኖረው አርብቶ አደር ግን የአገር መካከል የሆነች ከተማ ናት። በኬንያው በኩል፣ በሞያሌ ዙሪያ ከሚገኙት ትናንሽ የገጠር መንደሮች አንዷ ቦሪ ስትሆን፣ ገበያውም መንገዱም ወደ ሞያሌ የሚያመራ በመሆኑ የእርሷን መልክዓ ምድርና ሕዝብ ከከተማዋ ነጥሎ መጻፍ አይቻልም። እንዲህ ያለች መንደር በኬንያ የአስተዳደር አከፋፈል ከካውንቲ፣ ከንዑስ ካውንቲና ከ«ሎኬሽን» በታች ባለው «ሰብ ሎኬሽን» በተባለው የመጨረሻ እርከን ውስጥ ስለምትመዘገብ፣ ለሩቅ አንባቢ የምትታየው በቆጠራ ሠንጠረዥ ላይ እንዳለች አንዲት መስመር ሆና ብቻ ነው።

አካባቢው የደቡብ ኢትዮጵያ ከፍተኛ ምድር ወደ ሰሜን ኬንያ ቆላ የሚወርድበት አፋፍ ሲሆን፣ ሞያሌ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ቦረናዎች ከአፋፉ በታች የተዘረጋውን ሞቃታማ ሜዳ «ጎልቦ»፣ በሰሜን ከፍ ብሎ የሚገኘውን የጥልቅ ጉድጓዶች አገር ደግሞ «ድሬ» ይሉታል። ከጎልቦ ወደ ደቡብ ሲዘለቅ ምድሩ እየደረቀ ይሄድና ማርሳቢት ተራራ ከመድረሱ በፊት ጥቁር ድንጋይ የለበሰው የዲዳ ገልገሉ ምድረ በዳ ይገኛል፤ አመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ በአቅራቢያ የለም፤ ወሰኑን ይዞ ወደ ማንዴራ የሚወርደው ዳዋም ከሞያሌ በስተምሥራቅ ርቆ ነው የሚገኘው።

ዝናቡ በአመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዋናው ወቅት «ገና»፣ በመስከረምና በኅዳር መካከል የሚጥለው አጭሩ ወቅት «ሃገያ» ሲባል፣ በሁለቱ መካከል የሚመጣው ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ወቅት «አዶሌሳ»፣ የበጋው ሐሩር «ቦና» ይባላል። የዚህ ሕዝብ አሰፋፈር የሚመራው ከማንኛውም የአስተዳደር ካርታ ይልቅ በእነዚህ አራት ወቅቶች ነው ማለት ይቻላል። «ኤላ» የሚባለው ጉድጓድና «ሃሮ» የሚባለው ኩሬ ባለቤትና ደንብ ያላቸው ሲሆኑ፣ በድሬ የሚገኙት ዘጠኙ የ«ቱላ» ጉድጓዶች ሰዎች በመሰላል ተደራርበው ውኃውን እየተቀባበሉ የሚቀዱባቸው፣ የመጠጫውም ተራ «አባ ሄሬጋ» በተባለ ኃላፊ የሚዳኝባቸው ናቸው። መንጋውም ለሁለት ይከፈላል፤ የሚታለቡት ከብቶች ከሴቶች፣ ከሕፃናትና ከአረጋውያን ጋር በ«ዋራ» ማለትም በቤት ሲቀሩ፣ ደረቆቹና ጠንካሮቹ ከወጣቶች ጋር ወደ ሩቅ ግጦሽ፣ ወደ «ፎራ» ይሄዳሉ። ስለዚህ በደረቁ ወራት ወደ አንድ መንደር የገባ ቆጣሪ የሚያገኘው የመንደሩን ከፊል ሕዝብ ብቻ ነው።

በዚህ ምድር ላይ መስመር የተሰመረው ከአንድ ምዕተ ዓመት በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 እና 1903 በአርቺባልድ በተር የተመራ የእንግሊዝ ቡድን አገሩን ሲያጠና፣ የመሐንዲስ ጦር መኮንን የነበረው ፊሊፕ ሞድ ወሰን ሊሆን የሚችለውን መስመር በካርታ ላይ አሰፈረ፤ በዚያም ላይ የተመሠረተው የአፄ ምኒልክና የብሪታንያ ስምምነት በዲሴምበር 1907 አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ። ስምምነቱ ለዲፕሎማሲ ሰነድ ያልተለመደ አስተዋይነት ነበረው፤ በመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉ ጎሳዎች በሌላው ወገን ያለውን ግጦሽ እንደ ቀድሞው እንዲጠቀሙና በአቅራቢያቸው ወዳለው ጉድጓድ በነፃነት እንዲደርሱ ፈቅዷል። ሻለቃ ቻርልስ ጉዊን በ1908 እና 1909 መሬት ላይ የለካው መስመር ግን በየቦታው ከሞድ መስመር ስለተለየ ክርክሩ ለአሥርታት ዘለቀ፤ የመጨረሻው የወሰን ውል በኢትዮጵያና በነፃዪቱ ኬንያ መካከል የተፈረመው በ1970 ነው። የእንግሊዝ የወሰን ተቆጣጣሪ የነበረው የግሪክ ተወላጅ ፊሊፕ ዛፊሮ በሞያሌ ያቋቋመው ጣቢያ፣ አዲስ አበባ በነበረው የብሪታንያ መልእክተኛ በሰር ጆን ሃሪንግተን ስም ፎርት ሃሪንግተን ተብሎ ነበር። ጣቢያው በ1940 ክረምት በጣሊያን ጦር ተይዞ በ1941 መጀመሪያ ተመልሷል።

የኬንያው ወገን በቅኝ ዘመን «ሰሜናዊ ድንበር አውራጃ» በተባለው ዝግ ግዛት ውስጥ ስለነበር፣ ያለ ፈቃድ መግባትም ሆነ መውጣት የተከለከለ ነበር። ነፃነት ሲመጣ ከ1963 እስከ 1967 የቆየው የሽፍታ ጦርነት ተከተለ፤ ከሶማሊያ ጋር ለመቀላቀል በፈለጉ ታጣቂዎችና በኬንያ መንግሥት መካከል በተደረገው በዚህ ውጊያ አርብቶ አደሩ በጥበቃ ሥር ባሉ ሰፈሮች እንዲከማች ሲገደድ፣ ብዙ እንስሳም አለቀ፤ ግመል አርቢዎቹ ሳኩዬዎች መንጋቸውን አጥተው ከተማ ዳር የሰፈሩት በዚያ ዘመን ነው። ዛሬ በሰሜን ኬንያ ከሚታዩት ቋሚ መንደሮች ብዙዎቹ የልማት ሳይሆን የእንዲህ ያለው ጥፋት ውጤቶች መሆናቸው ሲረሳ ይስተዋላል።

የአካባቢው ነዋሪ በአብዛኛው ቦረና፣ ገብራ፣ ገሪ፣ ቡርጂ፣ ሳኩዬና አጁራን ነው። ገብራዎች ኦሮምኛ ተናጋሪ ግመል አርቢዎች ሲሆኑ፣ ገሪዎች ኦሮምኛንም ሶማልኛንም ይናገራሉ፤ ቡርጂዎች ደግሞ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ደጋ ወርደው እርሻንና ንግድን የያዙ ናቸው። በገበያ ላይ ከእነዚህ ቋንቋዎች ጋር ስዋሂሊና አማርኛ ይሰማሉ፣ ብርና ሽልንግም ጎን ለጎን ይመነዘራሉ።

የሕዝቡ ቁጥር ጥያቄ የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነው። ቦሪና የኬንያዋ ሞያሌ የሚገኙበት የማርሳቢት ካውንቲ ስፋቱ 71,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በ2009 ቆጠራ 291,166፣ በ2019 ደግሞ 459,785 ሰው ተመዝግቦበታል፤ የሕዝብ ጥግግቱ፣ ማለትም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚኖረው ሰው አማካይ ቁጥር፣ ከሰባት አይሞላም። በአሥር ዓመት ውስጥ የታየው ጭማሪ 58 በመቶ ይጠጋል፤ በዚያው ጊዜ የመላው ኬንያ ሕዝብ ከ38.6 ወደ 47.6 ሚሊዮን ያደገው በ23 በመቶ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ወሊድ ብቻውን አያመጣውም። በ2013 ካውንቲዎች ሥራ ሲጀምሩ የገንዘብ ክፍፍሉ ቀመር ትልቁን ክብደት ለሕዝብ ብዛት መስጠቱ፣ ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ የሚደርሰው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት መልበሱ፣ እንስሳው በድርቅ ያለቀበት ቤተሰብ ወደ ከተማ ዳር መጠጋቱና ከወሰን ማዶ የሚሸሸው ሰው ሁሉ በቁጥሩ ላይ አሻራቸው አለ ቢባል ማጋነን አይሆንም። አስፋልቱ ከመድረሱ በፊት ከሞያሌ ናይሮቢ ለመድረስ በከብት መኪና ላይ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር።

የሸሸው ሰው ቁጥር ቀላል አይደለም። በጁላይ 2012 በኢትዮጵያው ሞያሌ በቦረናና በገሪ መካከል በተነሣው ግጭት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ኬንያ ተሻገሩ፤ በማርች 2018 ወታደሮች ሲቪሎችን ከገደሉ በኋላም አሥር ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በኬንያው ወገን ባሉ መንደሮች ተጠለለ። በ2013 መጨረሻ ግጭቱ በኬንያው ሞያሌ ሲሆን ፍሰቱ ተገልብጦ ሰዉ ወደ ኢትዮጵያ ሸሽቷል። በሦስቱም ጊዜ የተቀበሉት ዘመዶች ስለነበሩ፣ ስደተኛና እንግዳ የሚሉት ቃላት ትርጉማቸው በዚህ ስፍራ ይደበዝዛል።

የአቆጣጠሩ ቀንም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ኬንያ በ2019 የቆጠረችው በኦገስት 24 ሌሊት በየስፍራው ያደረውን ሰው ሲሆን፣ ወሩ የአዶሌሳ ወቅት በመሆኑ ወጣቱ ከመንጋው ጋር ፎራ ላይ የሚሆንበት ጊዜ ነው። ኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በግንቦት 1999 ዓ.ም ቢሆንም፣ በሶማሌና በአፋር ክልሎች ቆጠራው የተካሄደው በኅዳር 2000 ዓ.ም ነበር፤ የኢትዮጵያዋ ሞያሌ ደግሞ የኦሮሚያም የሶማሌም ክልል አስተዳደር ያለባት ከተማ ናት። በመሆኑም በአንድ ገበያ የሚገናኝ ሕዝብ በሦስት መዝገብ፣ በሦስት የተለያዩ ወቅቶች ተቆጥሯል፤ ሦስቱን ደምሮ «የሞያሌ ሕዝብ ይህን ያህል ነው» የሚል ጸሐፊ አንዱን እረኛ ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ሌላውን ጨርሶ ሊዘለው ይችላል።

በዲሴምበር 2020 የሁለቱ አገሮች መሪዎች በሞያሌ የመረቁት የጋራ የወሰን መቆጣጠሪያ ጣቢያ፣ ተሻጋሪው በአንድ ስፍራ በሁለቱም አገር ሠራተኞች እንዲስተናገድ የሚያደርግ ሲሆን፣ የሚመዘግበው ግን በሩን የሚያልፈውን ጭነትና መንገደኛ ብቻ ነው፤ ከመንጋው ጋር በግራና በቀኝ የሚያልፈው በዚያ መዝገብ ላይ የለም። ከዚያው ወቅት ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ የሰዉ እንቅስቃሴ ይበልጥ በርትቷል። ኬንያ በየአሥር ዓመቱ የምትቆጥር በመሆኗ ቀጣዩ ተራዋ በ2029 ይደርሳል፤ በኢትዮጵያ በኩል ለ2010 ዓ.ም ታቅዶ የነበረው አራተኛው ብሔራዊ ቆጠራ ተራዝሞ በ2011 ዓ.ም እንደገና ስለተላለፈ፣ የኢትዮጵያዋን ሞያሌ በተመለከተ ያለው የመጨረሻው የቆጠራ ውጤት ዛሬም የ1999 እና የ2000 ዓ.ም ነው።