የጨርጨር የድንጋይ ክምር መቃብሮች



ቀብር የምናስተባብር ሰዎች እንደ መሆናችን መጠን ከኛ በፊት የነበሩት ሙታናቸውን እንዴት እንደ ቀበሩ ማወቅ ይገባናል። ከሐረር በስተምዕራብ፣ በጨርጨር ተራሮች ላይ፣ ክብ የድንጋይ ክምር ብዙ አለ። ያገሩ ሰው በኦሮምኛ «ዳጋ ቱሊ» ይለዋል፤ የተከመረ ድንጋይ ማለት ነው። የሠሩት ሐርላዎች ናቸው፣ ሰዎቹም ግዙፎች ነበሩ እየተባለ ይወራል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920ዎቹ ፈረንሳዊው መነኩሴ አባ አዛይስ፣ በ1970ዎቹ ደግሞ ሮዤ ዡሶም ቆፍረው መረመሩ። ከክምሩ ሥር በድንጋይ የተካበ ክፍል፣ በውስጡም የብዙ ሰው አጽም፣ የሸክላ ዕቃ፣ ዶቃ፣ ጌጣጌጥና የብረት መሣሪያ ተገኘ። ዘመኑ ከ8ኛው እስከ 12ኛው መቶ ዓመት ነው። በድሬዳዋ አጠገብ በሐርላ መንደር ከ2015 ጀምሮ የተደረገው ቁፋሮም የጥንቶቹ ሰዎች በቁመት እንደኛው እንጂ ግዙፎች እንዳልነበሩ አሳይቷል።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ግዙፍ ካልነበሩ ይህን ሁሉ ድንጋይ ማን ተሸከመው? አንድ ቤተሰብ ብቻውን አይችለውም። ያቀበለ፣ የከመረ ጎረቤት ነበረ ማለት ነው፤ ዛሬ የኛ ዕድር፣ የሐረሪዎቹም አፎቻ የሚሠራውን ሥራ።

በክምሩ ላይ የማንም ስም አልተጻፈም። መዝገባቸው ድንጋዩ ራሱ ነው። ስለዚህ ለካብ ብሎ የሚያነሳ ወይም ወርቅ አገኛለሁ ብሎ የሚቆፍር ካያችሁ ዝም አትበሉ። አንዴ ከፈረሰ ማንም አይመልሰውም።