የስሙ ባለቤት ማን ነው? ትንሹ ነጋዴ ኢንተርኔት ላይ ሱቅ የከፈተበት ታሪክ

አንድ የቧንቧ ሠራተኛ፣ አንድ የመኪና መካኒክ፣ ወይም እንጀራ ጋግራ ለየሱቁ የምታከፋፍል አንዲት እናት ደንበኛ የሚያገኙት እንዴት ነው? በአሜሪካን አገር ይህ ጥያቄ ለመቶ ዓመት ያህል አንድ መልስ ብቻ ነበረው፤ እሱም ቢጫው የስልክ ማውጫ ነው። ሩበን ዶነሊ የተባለ የቺካጎ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1886 ነጋዴዎችን በየሙያቸው ከፋፍሎ የሚዘረዝር ማውጫ አወጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ቧንቧ የፈነዳበት ሰው መጽሐፉን ገልጦ ከላይ ያገኘው ላይ ይደውላል። ዝርዝሩ በፊደል ተራ የሚሄድ በመሆኑም ስማቸውን በሦስት «ኤ» የሚጀምሩ ንግዶች እንደ አሸን ፈሉ። «ኤኤኤ ቧንቧ» የሚል ስም የያዘ ሰው ሥራውን ቢያውቅም ባያውቅም ቀድሞ ይደወልለታል።

ስምን በአንድ ቀጭን መስመር ማስፈር ብዙ አያስወጣም ነበር። ጎላ ብሎ በሣጥን ውስጥ መታየት ለፈለገ ግን ክፍያው ከስልኩ ሂሳብ ጋር በየወሩ ይመጣል። ስልክ ወይም አድራሻ ቢለወጥ ደግሞ እስከሚቀጥለው ዓመት እትም መጠበቅ ግድ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ኢትዮጵያውያን በ1990ዎቹ የራሳቸውን የሎ ፔጅስ ማሳተም የጀመሩት ትልቁ መጽሐፍ ለአበሻ ሐኪም፣ ለአበሻ ጠበቃ፣ ለአበሻ መካኒክ የተለየ አርእስት ስላልነበረው ነው። መጽሐፉ በየምግብ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ በነፃ ይወሰድ ነበር።

በዚያው ዘመን ሌላ በር እየተከፈተ ነበር። ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሰርን የተባለ የምርምር ማዕከል ተቀምጦ የፈጠረውን ዌብ፣ ማዕከሉ ሚያዝያ 30 ቀን 1993 ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ይህ ውሳኔ ቀላል አልነበረም። ሰርን ለእያንዳንዱ ገጽ ጥቂት ሳንቲም ልጠይቅ ቢል ኖሮ የእንጀራ ጋጋሪዋ ድረ ገጽ ታሪክ እዚያው ላይ ባለቀ ነበር። በዚያው ዓመት በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሞዛይክ የተባለው ማሳያ ፕሮግራም ወጣ፤ ጽሑፍና ሥዕል ባንድ ገጽ ላይ አብረው ይታዩ ጀመር። የኢንተርኔቱን ዋና መስመር የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ግን በመስመሩ ላይ ንግድ እንዳይካሄድ ይከለክል ነበር። መስመሩ በሚያዝያ 1995 ሲዘጋና ሥራው ለግል ኩባንያዎች ሲለቀቅ ያ ክልከላም አብሮ ቀረ።

ነጋዴው ገና ከመግባቱ ታዲያ ደጃፍ ላይ ሂሳብ ጠበቀው። በ«ዶት ኮም» የሚያልቀውን አድራሻ የሚመዘግበው ኔትወርክ ሶሉሽንስ የተባለ አንድ ኩባንያ ብቻ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱም ያኔ በሄርንደን ቨርጂኒያ፣ ከደለስ አየር ማረፊያ አጠገብ ይገኝ ነበር። ስንት የአበሻ ታክሲ ሹፌር በዚያ ደጃፍ አልፎ ይሆን! እስከ 1995 ድረስ ወጪውን ፋውንዴሽኑ ስለሚሸፍን ስም ማስመዝገብ በነፃ ነበር። መስከረም 14 ቀን 1995 ግን ለሁለት ዓመት 100 ዶላር ተቆረጠ። ከዚህ ውስጥ 30 በመቶው ለኢንተርኔት ማስፋፊያ ተብሎ የሚቀመጥ ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ብዙ ካነጋገረ በኋላ ይህ ክፍል በ1998 ቀረና ዋጋው ወደ 70 ዶላር ወረደ። እውነተኛው ለውጥ የመጣው ግን በ1999 ነው፤ በዚያ ዓመት ሌሎች ኩባንያዎችም እንዲመዘግቡ ተፈቀደ። መዝጋቢዎቹ ለማዕከላዊው መዝገብ የሚከፍሉት በዓመት 6 ዶላር ስለነበር፣ ለደንበኛው የሚሸጥበት ዋጋም በውድድሩ ወዲያው ወረደ። ብቻውን የሚሸጥ ሰው ዋጋ እንደማይቀንስ የመርካቶ ነጋዴ ቀድሞውንም ያውቀዋል።

ስም አንድ ነገር ነው፤ ቤቱ ሌላ። ድረ ገጽ ሌሊትና ቀን በማይጠፋ ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ አለበት፤ በመጀመሪያ ደግሞ እያንዳንዱ ድረ ገጽ የራሱ የቁጥር አድራሻ ያስፈልገው ነበር። አንድ ሱቅ አንድ ሕንፃ ብቻውን ይከራይ እንደማለት ነው። በ1997 የወጣው ኤችቲቲፒ 1.1 የተባለው የአሠራር ደንብ ይህን ለወጠው። በደንቡ መሠረት እንግዳው በር ላይ ሲደርስ «ወደ እገሌ ሱቅ ነው የመጣሁት» ብሎ ስሙን ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም ወደ ትክክለኛው ክፍል ይመራዋል። አንድ ሕንፃ፣ አንድ ቁጥር፣ በውስጡ ግን በመቶ የሚቆጠሩ ሱቆች። በነፃ የሚገኘው አፓቼ የተባለው ፕሮግራም ይህን ሥራ ስለሚያከናውን አከራዮች ኪራዩን በወር ወደ ጥቂት ዶላር ማውረድ ቻሉ። ዛሬ «ሆስቲንግ» እየተባለ በርካሽ የሚሸጠው አገልግሎት መሠረቱ ይኸው ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ ፖል ግራሃምና ሮበርት ሞሪስ በ1995 የጀመሩት ቪያዌብ የተባለው የኢንተርኔት ሱቅ አከራይ ለትንሽ ሱቅ በወር 100 ዶላር ያስከፍል ነበር፤ ያኔ ይህ ርካሽ ነው የተባለው።

ጥቂት ዶላርም ለከበደው ጂኦሲቲስ ነበረለት። ዴቪድ ቦኔትና ጆን ሬዝነር በ1994 በካሊፎርኒያ የመሠረቱት ይህ ኩባንያ ለማንኛውም ሰው በነፃ ቦታ ይሰጥ ነበር፤ ክፍያው ገጹ ላይ የሚለጠፍ የሌላ ሰው ማስታወቂያ ነው። ቦታው በሠፈር የተከፋፈለ ሲሆን፣ ስለ ፖለቲካ የሚጽፍ በ«ካፒቶል ሂል»፣ ስለ ኮምፒውተር የሚያወራ በ«ሲሊከን ቫሊ» ይሠፍር ነበር። አድራሻው ግን የኩባንያው ስም፣ የሠፈሩ ስምና የቤት ቁጥር ተደምሮበት በቢዝነስ ካርድ ላይ እንኳ በወጉ አይገባም ነበር። ያሁ በ1999 ኩባንያውን በቢሊዮን በሚቆጠር ዶላር ገዛው፤ ጥቅምት 26 ቀን 2009 ደግሞ የአሜሪካውን ዘጋው። እነዚያን ገጾች ከመጥፋታቸው በፊት የገለበጡላቸው በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። አሮጌው አድራሻ ግን የትም የማያደርስ ሆነ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ?

አማርኛ የሚጽፍ ነጋዴ ሌላ ተጨማሪ ግብር ነበረበት። በ1990ዎቹ የግዕዝ ፊደል የሚጽፉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች አልጠፉም፤ ሆኖም እያንዳንዱ ለ«ሀ» የራሱን ቁጥር ነበር የሚሰጠው። በአንዱ የተጻፈውን ያ ፊደል የሌለው ኮምፒውተር ሲከፍተው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይደረደራል። የምግብ ዝርዝሩን በአማርኛ ማውጣት የፈለገ ምግብ ቤት የነበረው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ እንግዳውን «መጀመሪያ ይህን ፊደል ኮምፒውተርዎ ላይ ይጫኑ» ማለት፣ ወይ ዝርዝሩን በሙሉ እንደ ሥዕል አድርጎ ማስቀመጥ። ሥዕሉ በስልክ መስመር እስኪመጣ ቡና ይፈላል፤ የዶሮ ወጥ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ደግሞ ሥዕሉ እንደገና ይሠራል። ከሁሉ የከፋው፣ የመፈለጊያ ማሽኖቹ ሥዕሉ ውስጥ ያለውን ቃል ማንበብ ስለማይችሉ «ክትፎ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ቤቱን አያገኘውም። የግዕዝ ፊደል በመስከረም 1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቶ ለእያንዳንዱ ፊደል በዓለም ሁሉ አንድ ቁጥር ሲሰጠው የመፍትሔው መሠረት ተጣለ። ይሁንና ፊደሉ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የመጣው በ2007 መጀመሪያ ለገበያ በቀረበው ቪስታ ነው፤ ኒያላ በሚባለው የፊደል ቅርጽ። እስከዚያ ድረስ ብዙው ነጋዴ በእንግሊዝኛው ብቻ ረክቶ ተቀመጠ።

ከዚህ በኋላ ያለው በፍጥነት ሄደ። ዎርድፕሬስ በግንቦት 2003 ወጣ። ማት ሙለንዌግ የተባለው አሜሪካዊ ወጣትና ማይክ ሊትል የተባለው እንግሊዛዊ የጀመሩት ይህ ፕሮግራም በነፃ የሚወሰድ በመሆኑ፣ ኮድ መጻፍ የማያውቅ ሰው ዋጋውንና የሥራ ሰዓቱን ራሱ መለወጥ ቻለ። ሰሌዳ ላይ እየጎተቱ ገጽ የሚያሠሩ እንደ ዊክስ ያሉ ኩባንያዎችም ተከተሉ። በገጹና በጎብኚው መካከል የሚያልፈውን ነገር የሚሰውረው የደኅንነት ሰርተፊኬት በየዓመቱ የሚገዛ ዕቃ ነበር፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ግን ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ለሕዝብ በነፃ መስጠት ጀመረ። ጥሩ ጊዜ ላይ ነው የደረሰው፤ ምክንያቱም የጉግሉ ክሮም በሐምሌ 2018 ሰርተፊኬት የሌለውን ገጽ ሁሉ «አስተማማኝ አይደለም» እያለ ለጎብኚው ያሳይ ጀመር። ዛሬም ይህንኑ በነፃ የሚገኝ ሰርተፊኬት በብዙ ዶላር የሚሸጡ አልጠፉም።

እንግዲህ ዌቡ በነፃ፣ ፕሮግራሙ በነፃ፣ ፊደሉ በነፃ፣ ሰርተፊኬቱ በነፃ፣ ኪራዩም በጥቂት ዶላር ሆነ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳይቀር የዘለቀው ክፍያ የስሙ ነው፤ እሱም ቢሆን ትንሽ ነው። ከመስከረም 2024 ጀምሮ መዝጋቢዎች ለአንድ «ዶት ኮም» ለማዕከላዊው መዝገብ የሚከፍሉት 10 ዶላር ከ26 ሳንቲም ነበር፤ ደንበኛው በዚያ ላይ ትንሽ ጨምሮ ይከፍላል። ሆኖም ትናንሽ ንግዶች በብዛት የሚጎዱት በዚሁ በትንሹ ሂሳብ ነው። ነገሩ የተለመደ ነው፤ ባለሱቁ ሥራ ይበዛበትና ኮምፒውተር የሚያውቅ ዘመድ ወይም አንድ ገጽ ሠሪ «ተወው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ይለዋል። ያም ሰው ስሙን በራሱ ስም፣ በራሱ ኢሜይል፣ በራሱ ካርድ ያስመዘግበዋል። በተንኮል ላይሆን ይችላል፤ የቀለለው እንደዚያ ስለሆነ ነው። ከዓመታት በኋላ ልጁ ሌላ ከተማ ይሄዳል፣ ካርዱ ይቃጠላል፣ ማስጠንቀቂያው ማንም ወደማይከፍተው ኢሜይል ይላካል። በመዝገቡ ላይ ባለቤት ተብሎ የተጻፈው ደግሞ ባለሱቁ አይደለም፤ በመኪናው ጎን፣ በማስታወቂያው ሰሌዳና በእንጀራው ላስቲክ ላይ ያሳተመው ስም በሕግ ፊት የሌላ ሰው ሆኖ ያገኘዋል።

ጊዜው ያለፈበት «ዶት ኮም» ወዲያው አይጠፋም። መዝጋቢው ኩባንያ ከሰረዘው በኋላ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለ፤ ክፍያው ግን ከዓመቱ ክፍያ ብዙ እጥፍ ነው። ያም ካለፈ ስሙ በቀናት ውስጥ ለቀደመ ሁሉ ክፍት ይሆናል፤ የተለቀቁ ስሞችን እየጠበቁ የሚለቅሙና መልሰው የሚቸበችቡም አሉ።

«ድረ ገጽ ለምኔ፣ ፌስቡክ አለኝ» የሚሉም ጥቂት አይደሉም። ፌስቡክ ለንግዶች ገጽ መስጠት የጀመረው በ2007 ነው፤ በነፃም በመሆኑ ለብዙ ሱቅ ጠቅሟል። ጥቅምት 4 ቀን 2021 ግን ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በአንድ ላይ ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፉ። ብልሽቱ የጀመረው ከኩባንያው የውስጥ መስመር ሲሆን፣ ስሞቹ የሚገኙባቸው ኮምፒውተሮች ከዓለም መረብ ተቆርጠው ነበርና «ፌስቡክ ዶት ኮም» የሚለው ስም ራሱ ቢፈለግ አልተገኘም። በዚያን ዕለት ትእዛዝ በዋትስአፕ ብቻ የሚቀበል ሁሉ እጁን አጣጥፎ ዋለ።

አይካን የተባለው የስሞች ተቆጣጣሪ በ2004 ተግባራዊ ባደረገው ደንብ መሠረት የተመዘገበ ባለቤት ስሙን ከአንዱ መዝጋቢ ወደ ሌላው ማዛወር ይችላል። የሚያስፈልገው ከቀድሞው መዝጋቢ የሚሰጥ የምስጢር ኮድ ነው፤ ጠያቂው ደግሞ መዝገቡ ላይ ስሙ ያለ ሰው መሆን አለበት። ገጽ ሠሪ የቀየረ፣ ወይም ከአከራዩ ጋር የተጣላ ነጋዴ ኮዱን በእጁ ከያዘ ዝውውሩ በጥቂት ቀናት ያልቃል። መዝገቡ ላይ ስሙ የሌለ ግን የሚደውለው ገጹን መጀመሪያ ወደሠራለት ሰው ነው፤ ስልኩ ካልተቀየረ።