አንግሎ ሊዚንግ፦ የኬንያ የለውጥ መንግሥት ሹማምንት የተፈተኑበት ቅሌት

ዲሴምበር 30 ቀን 2002 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የናይሮቢው ኡሁሩ ፓርክ በሕዝብ ተጨናንቆ ነበር። ምዋይ ኪባኪ ከምርጫው በፊት በደረሰባቸው የመኪና አደጋ የተነሣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። የዳንኤል አራፕ ሞይ የ24 ዓመት ዘመን አበቃ፤ ካኑ የተባለው ፓርቲያቸውም ከነጻነት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥልጣን አስረከበ። አዲሱ ፕሬዚዳንት ሙስና ከእንግዲህ በኬንያ የኑሮ ዘይቤ ሆኖ እንደማይቀጥል ቃል ገቡ። ሕዝቡም አመናቸው። በእነዚያ ሳምንታት ጉቦ የተቀበለን የትራፊክ ፖሊስ ተራ መንገደኞች ይዘው ሲያስረክቡ ታይቷል።

የመጀመሪያዎቹ ርምጃዎች እምነቱን የሚያጸኑ ነበሩ። የሙስናና የኢኮኖሚ ወንጀሎች ሕግ እንዲሁም የመንግሥት ሠራተኞች የሥነ ምግባር ሕግ በ2003 ወጡ። በሞይ ዘመን የተፈጸመውን የጎልደንበርግ ዘረፋ የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቋመ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ሃያ ሦስት ዳኞች በሙስናና በሥነ ምግባር ጉድለት ተጠርጥረው ስማቸው ይፋ ወጣ። ከሁሉም ይበልጥ ተስፋ ያሳደረው የጆን ጊቶንጎ ሹመት ነው። ጋዜጠኛና የትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል የኬንያ ቅርንጫፍ ኃላፊ የነበረው ይህ ወጣት የመልካም አስተዳደርና የሥነ ምግባር ቋሚ ጸሐፊ ሆነ፤ ቢሮውም በቤተ መንግሥቱ ቅጥር ግቢ ውስጥ ተሰጠው።

የተዘረጋው መረብ ግን የቀድሞዎቹን ለመያዝ እንጂ አዲሶቹን ለመያዝ የተሠራ አልነበረም። የሥነ ምግባር ሕጉ እያንዳንዱ ሹም ሀብቱን እንዲያስመዘግብ ያዝ ነበር፤ የተመዘገበው ግን ምስጢር ሆኖ ይቀመጥ ነበር። አንድ ሚኒስትር በሹመቱ ማግስት ምን እንዳፈራ ዜጋው የሚያውቅበት በር አልተከፈተም።

ቀዳዳው በ2004 በፓስፖርት በኩል ታየ። የተቃዋሚ ፓርቲ የምክር ቤት አባል የነበሩት ማኦካ ማኦሬ፣ መንግሥት አዲስ የፓስፖርት ማተሚያ ሥርዓት ለመግዛት የገባውን ውል ለፓርላማ አጋለጡ። አንድ የፈረንሳይ ኩባንያ በ6 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ሊሠራው ያቀረበው ሥራ፣ አንግሎ ሊዚንግ ለሚባል ድርጅት በ30 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተሰጥቷል። አድራሻው እንግሊዝ አገር፣ ሊቨርፑል ነው ተባለ። መርማሪዎች ሲፈልጉት በዚያ ስም የተመዘገበ ኩባንያ አላገኙም።

አሠራሩን በቅርብ ማየት ይገባል፤ የጉዳዩ ቁልፍ እዚያ ነውና። ውሎቹ ከጸጥታና ከደኅንነት ጋር የተያያዙ ስለነበሩ ምስጢር ተብለው ከግልጽ ጨረታ ውጪ ተፈረሙ። ሻጭ ነኝ ባዩ ድርጅት ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የግዥውን ብድር ጭምር አቀርባለሁ ይላል፤ መንግሥትም ሊሻር የማይችል የተስፋ ሰነድ ይፈርምለታል። ከዚያ በኋላ ዕቃው መጣም ቀረም ዕዳው ይቆጠራል፤ አበዳሪ የተባለውም የመንግሥትን ገንዘብ መልሶ ለመንግሥት ያበድራል። እንዲህ ያሉ 18 ውሎች ሲደመሩ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዋጋ ነበራቸው። ከፊሎቹ በሞይ ዘመን የተፈረሙ ናቸው፤ አዲሶቹ ሹማምንት ማሽኑን እንደተተከለ አገኙት፤ ነቅለው በመጣል ፈንታ ግን ማሠራታቸውን ቀጠሉ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል ለናይሮቢም እንግዳ አይሆንም። ይሁንና ብሂሉ የሹሙን ምኞት እንጂ መንገዱን አይነግረንም። እዚህ መንገዱን የጠረገው ምስጢራዊ ግዥ ነው።

ጊቶንጎ መጠየቅ ሲጀምር ያልታሰበ ነገር ሆነ፦ ገንዘቡ ተመለሰ። መጀመሪያ ለፓስፖርቱ ውል በቅድሚያ የተከፈለው ወደ 957 ሺህ ዩሮ፣ ቀጥሎም ለፖሊስ የፎረንሲክ ላቦራቶሪ ውል የተከፈለው 4.7 ሚሊዮን ዶላር ወደ ግምጃ ቤቱ ገባ። ባለሥልጣናቱ ኪሳራ የለም፣ ጉዳዩ ይዘጋ አሉ። ነገር ግን የሌለ ድርጅት ገንዘብ ሊመልስ አይችልም፤ የመለሰ ሰው ነበረ ማለት ነው። ጊቶንጎ በኋላ እንደጻፈው ከድርጅቱ ጀርባ ያሉት የካቢኔ ባልደረቦቹ መሆናቸውን ከራሳቸው አንደበት ሰምቷል፤ ገንዘቡም ለሚቀጥለው ምርጫ የሚውል እንደሆነ ተነግሮታል። ሚኒስትሮቹ ክሱን አስተባብለዋል።

ጫናው ወዲያው ተከተለ። በጁን 2004 የካቢኔ ሹም ሽር የጊቶንጎ ቢሮ ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ በፍትሕ ሚኒስትሩ በኪራይቱ ሙሩንጊ ሥር እንዲሆን ተወሰነ፤ ውሳኔው ተቃውሞ ሲገጥመው ተቀለበሰ። እንደ ጊቶንጎ አቤቱታ፣ ሙሩንጊ የአባቱን አሮጌ የባንክ ዕዳ እያነሡ ምርመራውን እንዲያለዝብ ጠይቀውታል፤ ንግግሩን በድብቅ ቀድቶት ነበር። በፌብሩዋሪ 2005 ለሥራ እንግሊዝ እንደሄደ ከለንደን ሆኖ ሥልጣኑን ለቀቀ።

ጊቶንጎ ያጠናቀረው ሰነድ በጃንዋሪ 2006 በጋዜጣ ወጣ፤ አገሪቱም ተናወጠች። የገንዘብ ሚኒስትሩ ዴቪድ ምዊራሪያ ሥልጣን ለቀቁ፤ በዚያን ጊዜ የኢነርጂ ሚኒስትር የነበሩት ሙሩንጊም ገለል አሉ። ገለል ማለታቸው ግን አልረዘመም። ሙሩንጊ ያ ዓመት ሳያልቅ፣ ምዊራሪያ ደግሞ በ2007 ወደ ካቢኔ ተመለሱ።

ይህን ታሪክ የጥቂት ስግብግብ ሰዎች ጉዳይ አድርጎ መተው ይቀላል፤ ስሕተት ግን ይመስላል። የሥነ ምግባር ቢሮው ሥልጣን ከሕግ ሳይሆን ከፕሬዚዳንቱ ቅርበት የመነጨ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ፊት ሲነሡ ቢሮው ባዶ ሆነ። ኪባኪ መልካሙን ሰው ሾሙ፤ የተሾመው ሰው የፕሬዚዳንቱን ወዳጆች ስም ሲጠራ ግን የሚቆምለት ተቋም አልነበረም። የተሠዋው ደግሞ ከገንዘብ በላይ ነው፦ ጉቦኛ ፖሊስን በአደባባይ ለመያዝ የደፈረውን ሕዝብ፣ ድፍረቱን የሰጡት ሰዎች ራሳቸው አሳፈሩት።

የ2010 ሕገ መንግሥት ለዚህ ክፍተት መልስ ለመስጠት ሞክሯል። ስድስተኛው ምዕራፍ ስለ አመራርና ታማኝነት የሚደነግግ ነው፤ የካቢኔ ዕጩዎችም የፓርላማን ይሁንታ እንዲያገኙ ግድ ሆነ። የተስፋ ሰነዶቹ ግን ሕገ መንግሥቱ ከተለወጠ በኋላም አልሞቱም። ከውሎቹ ጀርባ ያሉ ድርጅቶች በአውሮፓ ፍርድ ቤቶች ከስሰው ረቱ። በ2014 ኬንያ ለመጀመሪያ ጊዜ የ2 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ለዓለም ገበያ ልታቀርብ ስትዘጋጅ ያልተከፈለው የፍርድ ዕዳ እንቅፋት ሆነባት፤ በፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ትእዛዝም 1.4 ቢሊዮን ሽልንግ ያህል ከግምጃ ቤቱ ወጥቶ ተከፈላቸው።